አባ ራውተር

ድሮ ጀግና በፈረሱ ስም ይጠራ ነበር። ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ምኒልክ አባ ዳኘው ተብለዋል። ዛሬ በከተማችን ፈረስ ያለው ሰው ጥቂት ነው፤ የሚያስፎክር ንብረት ግን አልጠፋም። እኛ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ የሚኖረው ጎረቤቴ ከቴሌቪዥኑ አጠገብ አንቴናቸውን ቀስረው የቆሙ ሁለት ራውተሮች አሉት። እንግዳ ሲመጣ መጀመሪያ የሚያስጎበኘው እነሱን ነው፤ የልጆቹ ፎቶ ተራው የሚደርሰው ከዚያ በኋላ ነው። ስለዚህ በልቤ አባ ራውተር ብዬዋለሁ። ይህን አንብቦ ይቀየመኛል ብዬም አልሰጋም፤ የሚያነበው በፍራንክፈርት ዞሮ ስለሆነ እስኪደርሰው ብዙ ጊዜ አለኝ።

አንደኛው ራውተር ነጭ ነው። ከመስመሩ ጋር የመጣ፣ ከሥሩ ስሙና ፓስወርዱ የታተመበት ወረቀት የተለጠፈበት፣ ባለቤቱ ዳንቴል ያለበሰችው ጨዋ ዕቃ። ሁለተኛው ጥቁር ሆኖ አራት አንቴና አለው። እሱንም ዳንቴል ልታለብሰው ሞክራ ነበር፤ «መተንፈስ አለበት!» ብሎ ገፈፈው። በዚህ ቤት እንዲተነፍስ የተፈቀደለት እሱ ብቻ ነው ብላ ቡና ላይ የነገረችን ራሷ ናት።

ለምን ሁለት አስፈለገህ ብትሉት ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ለደህንነት» ይላል። ጥቁሩ ላይ ቪፒኤን ተጭኗል። ከቤቱ የሚወጣው ነገር ሁሉ፣ የልጁ የቤት ሥራም፣ የባለቤቱ የወጥ አሠራር ቪዲዮም፣ የአማቱ መዝሙርም ተቆልፎና ታሽጎ ጀርመን አገር፣ ፍራንክፈርት ካለ ሰርቨር ይደርስና እሽጉ እዚያ ተፈትቶ ወደየአድራሻው ይሄዳል።

ነገሩ ከመሬት ተነሥቶ የመጣ እንዳይመስላችሁ። ቪፒኤን የሚባለውን ነገር ያስተማረን መዘጋት ነው። በሐምሌ 2008 ለፈተና ተብሎ ማኅበራዊ ሚዲያው ተዘጋ። በሰኔ 2011 እንዲሁ በፈተና ሰሞን ኢንተርኔቱ ሲሄድ ሲመጣ ከረመ። በሰኔ 2012 ከድምፃዊ ሃጫሉ ሁንዴሳ ግድያ በኋላ ለሳምንታት ድራሹ ጠፋ። ትግራይ ውስጥማ የጠፋው ከሁለት ዓመት በላይ ነው። በየካቲት 2015 ደግሞ በኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ በተነሣው ውዝግብ ሰሞን ፌስቡክ፣ ዩቲዩብ፣ ቴሌግራምና ቲክቶክ ተዘግተው እስከ ሐምሌ ቆዩ። በእነዚያ ወራት የታክሲ ረዳቱም፣ የጉሊት ነጋዴዋም፣ የሰንበቴ ጸሐፊውም የቪፒኤን ሊቅ ሆነው ነበር። ሰላምታችን ራሱ ተቀይሮ፣ «ደህና ሰነበትክ?» ካሉ በኋላ «የትኛውን ነው የምትጠቀመው? የኔው ዛሬ እንቢ አለኝ» ይባል ነበር።

አባ ራውተር ሁለተኛውን ራውተር የገዛው ግን ያኔ አይደለም። የተዘጋው ተከፍቶ፣ ሰዉ ቪፒኤኑን ከስልኩ ላይ አጥፍቶ ለሠርግ ቪዲዮ ቦታ ሲያስለቅቅ ነው ወደ ገበያ የወጣው። «ነገ እንደማይዘጋ ማን ዋስ ይሆናል?» ይላል። በዚህ እንኳ አልከራከረውም።

ምክንያቱንም በደንብ አጥንቶታል። ስማርት ቲቪው የቪፒኤን አፕ አይቀበልም። በየስልኩ አብሩ አጥፉ እያለ መዞር ሰልችቶታል። ራውተር ላይ ከተጫነ ግን ቤቱ በሙሉ ባንድ ጊዜ ይጠቃለላል። ታዲያ ነጩ ላይ ለምን አልጫነውም? ከመስመር ጋር የሚሰጡት ራውተሮች አብዛኞቹ ይህን ለመሥራት አልተሰናዱም፤ ቢሰናዱም ቅንብራቸው ለደንበኛ የተዘጋ ነው። ስለዚህ ጥቁሩ ከነጩ ጀርባ በኬብል ይንጠለጠላል። አበው «ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል» ብለዋል፤ አባ ራውተርም ይህን ተረት ለመጣ ለሄደው ይጠቅሳል። የሱ ሁለተኛ ባላ ግን መሬት አልነካም፤ አንደኛው ባላ ላይ ነው የታሰረው። አንደኛው ከወደቀ ሁለቱም ወደቁ። ሁለተኛው ሲወድቅ ግን አንደኛው ምንም ሳይሆን ቆሞ ይቀራል። ይህችን ነገር ከአባትየው ቀድሞ የተረዳት ልጁ ነው፤ እሱ ይቆየን።

ሥራው የተጀመረው ቅዳሜ ማታ ነው። ባለሙያ መጥራት ሽንፈት መስሎት ብቻውን ገባበት። ሁለቱም ራውተሮች ከፋብሪካ የወጡበት አድራሻ 192.168.1.1 ነው። አድራሻውን ሲጽፍ አንዳቸው ይከፈትለታል፤ የትኛው እንደተከፈተ ግን ልብ አላለም። የጥቁሩን የማይረባ ቅንብር ያጸዳ መስሎት ከነጩ ላይ መስመሩን የሚያስገባውን የደንበኛ ስምና ፓስወርድ ሰረዘ። ቪፒኤን ቀርቶ ተራው ኢንተርኔትም ሄደ። ባለቤቱ «ዘጉት እንዴ?» ብላ ከመኝታ ቤት ስትጣራ «አዎ፣ ሳይዘጉት አልቀሩም» ብሎ መለሰላት። በዚያች ሌሊት በመንግሥት የተሳበበው ይህ ብቻ እንደሆነ ተስፋ አደርጋለሁ። መፍትሔው የጥቁሩን አድራሻ 192.168.2.1 ማድረግ ብቻ ነበር። «አንዲት ቁጥር ናት እኮ!» እያለ ዛሬም ይቆጫል።

ደግሞ ጥቁሩን «ሁለተኛው» እንበለው እንጂ በእውነቱ ሦስተኛ ነው። ከሱ በፊት አንድ ያገለገለ ራውተር ነበር፤ ነፍሱን ይማረውና፣ ይዞት የመጣው ሶፍትዌር ቪፒኤን የሚባል ነገር አያውቅም። አባ ራውተር ያንን አውልቆ ኦፕን ደብልዩአርቲ የሚባለውን ነፃ ሶፍትዌር ሊያለብሰው ተነሣ። ይህ አመል የመጣው ከአሜሪካ ነው። ሊንክሲስ በ2002 እ.ኤ.አ. ማብቂያ ገበያ ላይ ያዋለው ደብልዩአርቲ54ጂ የተባለ ራውተር ውስጡ ሊኑክስ የሚባለው ነፃ ሶፍትዌር መሆኑ ተደረሰበት። የሊኑክስ ፈቃድ «በኔ ከሠራህ ኮዱን ለሕዝብ ስጥ» ስለሚል ኩባንያው በ2003 ሰጠ። ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ የራቀው አባወራ ሁሉ የራውተሩን ሆድ ዕቃ ሲጎረጉር ያድራል፤ ኦፕን ደብልዩአርቲም ከዚያ ኮድ ተነሥቶ በ2004 ብቅ ያለ ነው። ለጫኚው አንድ ብርቱ ማስጠንቀቂያ አለው፦ ሥራው እስኪያልቅ ኤሌክትሪክ እንዳይቋረጥ። የጻፉት ሰዎች እኛ ሰፈር ኖረው አያውቁም። ቆጣሪው መቶ ሳይሞላ መብራት ሄደ፤ ሲመለስ ራውተሩ አንዲት ቀይ መብራት ከማብራት በቀር ሌላ ሙያ አልቀረውም። ዛሬ የበረንዳው በር በንፋስ እንዳይላተም ይደግፋል፤ በዚህ ሥራው ላይ እስካሁን ቅሬታ አልቀረበበትም።

በመጨረሻ ባለሙያ ተጠራ። ከመገናኛ ሞባይል ቤቶች የመጣ፣ ጢሙ ገና የሚያቆጠቁጥ ልጅ ነው። አቦሉ ሲቀዳ ጀምሮ በረካው ሳይደርስ ጨረሰ። አባ ራውተር ኦፕንቪፒኤን የሚባለውን የቪፒኤን ዓይነት እንዲጭንለት ፈልጎ ነበር፤ ልጁ «ጋሼ፣ እሱ ለዚህች ራውተር ይከብዳታል፣ ዋየርጋርድ ይሻልዎታል» አለው። ልክ ነው። ርካሽ ራውተር ውስጥ ያለችው ማስሊያ ደካማ ስለሆነች እያንዳንዱን ነገር ስትቆልፍና ስትፈታ ያልባታል፤ በኦፕንቪፒኤን ከ20 ሜጋቢት በላይ መስጠት የሚያቅታቸው ብዙ ናቸው። ዋየርጋርድ ኮዱ አጭር፣ ሥራውም ፈጣን ስለሆነ በ2020 እ.ኤ.አ. ሊኑክስ ራሱ ውስጥ እንዲገባ ተደርጓል። አባ ራውተር ይህን ሁሉ በጥሞና ሰምቶ ልጁ ከሄደ በኋላ ለእኛ የራሱ ግኝት አድርጎ አወራልን።

ለአዲሱ ዋይፋይ ስም ሲወጣለት ሰርቨሩ ያለበት አገር ተመረጠና «ጀርመን» ተባለ። በዚያው ሳምንት የቤቱ ቋንቋ ተለወጠ። «ጀርመን ገባህ?» «ጀርመን ዛሬ ደከመች።» «እስቲ ከጀርመን ውጪና ሞክሪው።» አማቱ እማማ ለዕድር ጓደኞቻቸው በስልክ «ልጆቹ ሁሉ ጀርመን ገብተዋል፣ እኔን ብቻ አስቀሩኝ» ብለው አወሩ። በማግሥቱ ሁለት እናቶች ድፎ ዳቦ ይዘው «እንኳን ደስ ያላችሁ» ሊሉ መጡ። አንደኛዋ ልጃቸው የቪዛ ቀጠሮ ሲጠብቅ የከረመ ስለሆነ በማን በኩል እንደገቡ አጥብቀው ጠየቁ። «በመገናኛ ልጅ በኩል» የሚለው መልስ አላረካቸውም፤ ደላላውን የደበቋቸው መስሏቸው ቅር ብሏቸው ሄዱ።

እማማንም በኋላ አስገቧቸው። ከእሳቸው በላይ በጀርመን የተንገላታ ግን የለም። ዩቲዩብ ሰውን የሚያውቀው በመጣበት መንገድ ነውና እማማን የፍራንክፈርት ነዋሪ አደረጋቸው። በሁዳዴ መካከል፣ መዝሙሩ ሞቅ ባለበት ሰዓት፣ አንድ ወፍራም ሰውዬ በጀርመንኛ እየሳቀ ቋሊማ ይጠብስባቸዋል። ያማትቡና «ይኸ ደግሞ ከየት መጣ?» ይላሉ። ሌላም አለ። አውሮፓ ውስጥ ከ2018 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሚሠራበት የግል መረጃ ሕግ የተነሣ ድረ ገጽ ሁሉ በር ላይ አስቁሞ መረጃዎን ልሰብስብ ወይ ብሎ ያስፈቅዳል። ስለዚህ እማማ መዝሙር በከፈቱ ቁጥር በማያውቁት ቋንቋ ፈቃድ ይጠየቃሉ፤ እሳቸውም መነጽራቸውን አስተካክለው ትልቁን ቁልፍ ይጫናሉ። ትልቁ ቁልፍ ብዙ ጊዜ «ሁሉንም ውሰዱ» የሚለው ነው።

የባንኩ ነገር ደግሞ የባሰ ነው። ቅርንጫፉ ከሕንፃችን ማዶ ከአስፋልቱ ባሻገር ነው፤ ከመስኮቱ ዘበኛው ይታያል። የአባ ራውተር ባለቤት ለዕቁብ ሰብሳቢዋ ብር ልትልክ አፑን ስትከፍት ግን ትእዛዟ ከአገር ይወጣል፤ ባሕር ሥር ለሥር ተጉዞ፣ በቀጥታ መስመር እንኳ ከ5,000 ኪሎ ሜትር በላይ ወደምትርቀው ፍራንክፈርት ደርሶ፣ በመጣበት ተመልሶ አስፋልቱን ይሻገራል። ይህን ሁሉ ተጉዞ ሲደርስ ባንኩ «ከውጭ አገር የመጣ ሰው ነው» ብሎ ይጠረጥረውና ይመልሰዋል። ዕቁቡ ዘገየ ተብሎ ስሟ ሲነሣ «ብሩ ጀርመን ሄዶብኝ ነው» ማለት አትችልም። ስለዚህ ስልኳን ከዋይፋይ አውጥታ በሞባይል ዳታዋ ትልካለች። ደህንነት ያስፈልገዋል የተባለው ዋናው ነገር ብር ሆኖ ሳለ በቪፒኤኑ የማያልፈው እሱ ብቻ ሆነ።

ልጆቹ ደግሞ ተስፋ የጣሉት በፊልሙ ላይ ነበር። ኔትፍሊክስ በጥር 2016 እ.ኤ.አ. እኛን ጨምሮ ከ130 ለሚበልጡ አዳዲስ አገሮች በሩን ከፈተ፤ በዚያው ወር በሌላ አገር መንገድ ተሸፍኖ የሚገባውን እንደሚከለክል አስታወቀ። የታዋቂ ቪፒኤን ሰርቨሮች አድራሻ የተመዘገበ ነው። በአራት አንቴና ተከቦ የተከፈተው ቲቪ የሚያሳያቸው ቪፒኤኑን አጥፉ የሚል ጽሑፍ ነው፤ ደግነቱ በጀርመንኛ ስለሆነ አባትየው «እየጫነ ነው» እያለ አንድ ሰሞን አቆያቸው።

እኔን ከሁሉ ያሳቀኝ የሰዓቱ ጉዳይ ነው። የቤት ራውተሮች አብዛኞቹ መብራት ሲጠፋ ሰዓት የሚጠብቅላቸው ባትሪ የላቸውም። ሲነቁ ቀኑን አያውቁትም፤ አንዳንዶቹም በኮምፒውተር ሰዎች ልማድ ጃንዋሪ 1 ቀን 1970 ብለው ይነሣሉ። በእኛ ታኅሣሥ 23 ቀን 1962 መሆኑ ነው፤ ጃንሆይ ገና ዙፋናቸው ላይ ናቸው። የአባ ራውተር ጥቁር ሣጥን መብራት በመጣ ቁጥር ከዚያ ዘመን ተነሥቶ ፍራንክፈርትን ያንኳኳል። ዋየርጋርድ ደግሞ የአጭበርባሪ ድጋሚ እንዳይሆን ሲል ካለፈው ጊዜ ወደ ኋላ የቀረ ቀን ይዞ የመጣን አያስገባም። ራውተሩ ትክክለኛውን ቀን የሚያገኘው ከኢንተርኔት ነው። ኢንተርኔት የሚያገኘው ቪፒኤኑ ሲከፈት ነው። ቪፒኤኑ የሚከፈተው ቀኑ ሲስተካከል ነው። ቪፒኤኑ በተቋረጠ ጊዜ አንዲት ነገር እንዳትወጣ ብሎ ያዘዘው ደግሞ ራሱ አባ ራውተር ነው፤ «ሾልኮ የሚወጣ ነገር አልፈልግም» ብሎ። ሕንፃው ሁሉ መብራት መጣ ብሎ ሲያጨበጭብ እነሱ ቤት 1962 ላይ ቁጭ ብለው የመገናኛውን ልጅ ይጠብቃሉ። ልጁ መጥቶ ለሰዓት መጠየቂያ ብቻ አንዲት ቀዳዳ ተወለት፤ አባ ራውተር ያቺን ቀዳዳ እስካሁን በዓይነ ቁራኛ ነው የሚያያት።

አንድ ቀን «ከማን ነው የምትደበቀው?» አልኩት። «ከሁሉም» አለኝ።

ሁሉም ማለት ማን ነው? ዛሬ አብዛኛው ድረ ገጽና አፕ በራሱ የተቆለፈ ስለሆነ መስመር የሚሰጠው ድርጅት የት እንደሄድክ ቢያውቅ እንጂ ገብተህ ምን እንደተናገርክ አያይም። ቪፒኤኑ ያችን የት እንደሄድክ የምትለዋን ከመስመር ሰጪው ወስዶ ለቪፒኤን ኩባንያው ያስረክባል። የሚያውቁትን ባለማመን የማያውቁትን ማመን ማለት ነው። በነፃ የሚሰጡት ላይ ደግሞ የሆነውን እናውቃለን። ፌስቡክ በ2013 እ.ኤ.አ. የገዛው ኦናቮ ስልክህን እጠብቃለሁ የሚል ነፃ ቪፒኤን ነበር፤ ሰዎች በየትኛው አፕ እንደሚውሉ ለባለቤቱ ሲያቀብል ኖሮ በ2018 ከአፕል ገበያ ወጣ። ሆላ የሚባለውም በ2015 እ.ኤ.አ. የተጠቃሚዎቹን መስመር በእህት ኩባንያው በኩል ለሌላ ሲሸጥ ተገኘ፤ በነፃ ገባሁ ያለው ሰው ቤቱ ለማያውቀው መንገደኛ መተላለፊያ ሆኖ ነበር።

አባ ራውተር ግን የሚከፈልበት ነው የሚጠቀመው። ክፍያው በዶላር ስለሆነ ሲልቨር ስፕሪንግ ያለው የአጎቱ ልጅ በካርዱ ይከፍልለታል። ስለዚህ ኩባንያው መዝገብ ላይ ይህ ቤት የተመዘገበው በአጎቱ ልጅ ስምና የአሜሪካ አድራሻ ነው። የአጎቱ ልጅ በበኩሉ በበዓል ስልክ በደወለ ቁጥር፣ ዘመድ ሁሉ በተሰበሰበበት፣ ድምፁ በስፒከር ላይ ተለቅቆ «ያ የሚስጥር ኢንተርኔትህ ይሠራል ወይ?» ብሎ ይጠይቃል። ያላወቀ ዘመድ አልቀረም። በዚያ ላይ አባ ራውተር ሁለቱን ሣጥኖች ጎን ለጎን አስተኝቶ ፎቶ አንሥቶ «ከእንግዲህ ማንም አያየኝም» ብሎ ፌስቡክ ላይ ለጥፏል። ነጩ በጀርባው ተገልብጦ ስለነበር ተለጣፊው ወረቀት ላይ ያለው ስምና ፓስወርድ አንድም ፊደል ሳይደበዝዝ ይታያል። አውራ ጣት ካሳዩት መካከል እኔም አለሁበት።

እንደ ሰኔ 2012 ያለው ቀን ቢመጣ ምን ያደርጋል? ቪፒኤን በመንገድ ላይ ተሸፋፍኖ መሄጃ ነው፤ መንገዱ ራሱ ሲነሣ ሽፋን አያሻግርም። ያኔ ስልኩ ላይ ሦስት ቪፒኤን የነበረውም፣ አንድም ያልነበረውም እኩል ሬዲዮ ሲያዳምጡ ነበር። ይህን ስነግረው ዝም ብሎ ቆየና «ሳተላይት የሚባል ነገር አለ» አለኝ። ባለቤቱ ይህን እንዳትሰማ።

ከዚህ ቤተሰብ ቪፒኤን የምር የሚያስፈልጋት ዱባይ ያለችው ታናሽ እህቱ ናት። በኤምሬትስ በዋትሳፕ መጻፍ ይቻላል፤ በድምፅ መነጋገር ግን ተዘግቷል፤ የተፈቀዱት እንደ ቦቲም ያሉት ናቸው። በእናቷ ስልክ ላይ ዋትሳፕ እንጂ ሌላ የለም፤ አዲስ አፕ ይጫንልዎት ሲሏቸው «ያለውን አበላሽታችሁ ልታስቀሩኝ ነው» ይላሉ። ስለዚህ አሠሪዎቿ ሲተኙ ነፃ ቪፒኤን ከፍታ ትደውላለች። የአገሩ ሕግ አድራሻን በዚህ መንገድ ሰውሮ ወንጀል የሠራን ሰው ከ500,000 እስከ 2,000,000 ድርሃም ሊያስቀጣ ይችላል። እናትን ማናገር ከየትኛው ወገን እንደሚቆጠር ጠበቃ አማክራ አታውቅም፤ በሹክሹክታ ታወራለች። አባ ራውተር ስልኩን ተቀብሎ ስለ ሁለተኛ ራውተር ጥቅም ያስረዳት ጀመር። «ወንድም ጋሼ፣ የት ላስቀምጠው? መኝታዬ እኮ ልብስ መተኮሻው ክፍል ውስጥ ነው» አለችው። እንደዚያ ዝም ሲል ከዚያ በፊት አይቼው አላውቅም።

ዝምታው ግን አልቆየም፤ አዲስ ግኝት መጣ። የጥቁሩ ራውተር መቆጣጠሪያ ገጽ ላይ በቤቱ ያለ መሣሪያ ሁሉ በስሙ ተዘርዝሮ ይታያል፤ ማን በስንት ሰዓት ገባ፣ ምን ያህል ጠጣ። ከጎኑ ደግሞ ማገጃ ቁልፍ አለው። ለዓመታት መዘጋትን ሲራገም የኖረ ሰው እጁ ላይ የመዝጊያ ቁልፍ ሲያገኝ ምን እንደሚሆን ማየት የፈለገ አራተኛ ፎቅ ይምጣ። መጀመሪያ ቲክቶክ ታገደ። ቀጥሎ የሠራተኛዋ ስልክ ከምሳ ሰዓት በፊት እንዳይገባ ተደረገ። ከምሽቱ 3 ሰዓት በኋላ የልጆቹ ሁሉ ይዘጋል። ባለቤቱ ለምን እንደዘገየባት ስትጠይቅ «የጥገና ሥራ እየተካሄደ ነው» የሚል መልስ ይሰጣታል፤ ቃል በቃል እንደዚህ። ትልቁ ልጅ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ሲደርስበት ደግሞ ቤቱ በሙሉ ተዘጋ። «ለፈተናው ሰላማዊ ሂደት ሲባል ነው፤ ለጊዜው ነው» አለ አባ ራውተር። እኔ ሐምሌ 2008ን አስታወስኩት። «የኔው ይለያል» አለኝ፤ በምን እንደሚለይ ሳይነግረኝ ቡናው ቀረበ።

እገዳው በሰነድ ሲታይ እጅግ የተሳካ ነው። በየማታው ገጹን ከፍቶ ከ3 ሰዓት በኋላ የልጁ ስልክ ባዶ መሆኑን ያያል። ለጎረቤት እያሳየ «ልጅ እንደዚህ ነው የሚያዘው» ይላል። ሦስተኛ ፎቅ ያሉት አባወራ አይተው ቀኑና የመገናኛውን ልጅ ስልክ ተቀበሉ።

ነጩ ራውተር ግን ያኔም ዛሬም ዳንቴሉን ለብሶ የራሱን ዋይፋይ እየለቀቀ ነው። ማንም አላጠፋውም፤ ፓስወርዱም ያው ከሥሩ የታተመው ነው፤ ለማያውቅም ፌስቡክ ላይ አለ። ትልቁ ልጅ ከ3 ሰዓት በኋላ በዚያ ይገባል። በጥቁሩ ገጽ ላይ ባዶ የሚሆነውም ለዚህ ነው። ሲገባ ቪፒኤን እንኳ አይከፍትም፤ «ጀርመን ያዘገየዋል» ይላል። ይህን ጥበብ የነገረው ያው የመገናኛው ልጅ ነው፤ ለአማካሪነቱ መቶ ብር ተቀብሏል። አባትየውም የማገጃውን ሰዓት ሲያስተካክልለት የከፈለው ለሱው ነው።

ባለፈው እሑድ የመገናኛው ልጅ ለሦስተኛ ፎቅ ሥራ መጥቶ አባ ራውተር ቤት ሻይ ተጋበዘ። ተፈታኙ ልጅ ከጎኑ ተቀምጦ ሻዩን ሲያቀብለው፣ አባ ራውተር ወደ ጥቁሩ ሣጥን በአገጩ እያመለከተ «አጥብቀህ ቆልፈህልኛል አይደል?» አለው።

«በዚህ ራውተር በኩል? አንዲት ነገር አታልፍም ጋሼ!» አለ ልጁ።

አልዋሸም። አባ ራውተርም ደስ ብሎት ለትራንስፖርት ብሎ ሁለት መቶ ብር ጨመረለት፤ በሞባይል ባንኩ ሊልክለት ሦስት ጊዜ ሞክሮ እንቢ ሲለው ከባለቤቱ ቦርሳ በጥሬው አወጣለት።